ልጁን ለብቻው እንስማው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ርእሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ ወላጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ በዚህ ዝናብ ተነሥታችሁ፣ ከዓለም ከተማ የጀማን ሸለቆ ተሻግራችሁ፣ ከሸዋ ሮቢት የጣርማ በርን ዳገት ወጥታችሁ ደብረ ብርሃን ስለገባችሁ በማኅበሩ ስም አመሰግናለሁ። የዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ እኔ አልደግመውም። የተሰጠኝን ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ላውለው፦ በመጪው መስከረም ንባብን በትንንሽ ቡድን ማስተማር እንጀምር።

ለምን እንደምል ከራሴ ክፍል ልንገራችሁ። ለብዙ ዓመት ንባብ ያስተማርኩት አብዛኞቻችን እንደምናስተምረው ነው። እኔ አነባለሁ፣ ልጆቹ ይከተሉኛል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያስተጋባል። አንድ ቀን 3ኛ ክፍል ሳስተምር መጨረሻ ዴስክ ላይ ከሚቀመጥ ልጅ አጠገብ ቆምኩ። ድምፁ ከሁሉም ይጎላል፤ አንዲት ቃል አይስትም። ዝቅ ብዬ መጽሐፉን ሳየው የተከፈተው ሌላ ገጽ ነው። ምንባቡን በቃሉ ይዞታል። ከክፍል በኋላ ለብቻው ጠርቼ ከዚያው ምንባብ ውስጥ «ቤት» የምትለውን ቃል አሳየኝ ብለው አቀርቅሮ ዝም አለ። ያን ያህል ምንባብ በጆሮው ብቻ የያዘ ልጅ ሰነፍ ሊባል አይችልም። የጎደለው ለብቻው ሲያነብ የሚሰማው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ መሆን ነበረብኝ።

በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ልጆቹን አንድ በአንድ እያስቀረበ ነበር ያስነበበው። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል በትክክል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ የዞናችን ልጆች ብዙ የትምህርት ወራት አጥተዋል፤ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኮቪድ፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ፣ ከዚያም በኋላ በሰላም እጦት። ዛሬ በአንድ ዴስክ ላይ ፊደል ያልለየ ልጅና ተረት የሚያነብ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንኑ ገጽ ይገልጣሉ።

በትንንሽ ቡድን፣ ልጁን ከደረሰበት እየተነሡ የማስተማሩ አሠራር ከሩቅ የመጣ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ቄስ ትምህርት ቤት የገባችሁ ታስታውሱታላችሁ። የኔታ ሀሁ ለሚቆጥረውም፣ አቡጊዳ ለሚለውም፣ መልእክተ ዮሐንስ ለደረሰውም፣ ዳዊት ለሚደግመውም ከደረሰበት ያስቀጥሉታል እንጂ ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ አያቆሙም። የቀደመው ልጅ የኋለኛውን ያስቆጥረዋል። ከዚያ ሥርዓት ዱላውን ትተን ጆሮውን ብንወስድ ይበቃናል።

አጀማመሩን በተመለከተ፣ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ማንንም በቡድን አትመድቡ። 60 ልጆች ካሏችሁ በቀን 12 ልጆች ብትሰሙ በአምስት ቀን ሁሉንም ታዳርሳላችሁ። ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ ነው። ፊደሉን በገበታው ቅደም ተከተል አታስቆጥሩት፤ አዘበራርቃችሁ ጠይቁት። ገበታውን እንደ ዜማ የሚወጣው ልጅ «ሉ»ንና «ሊ»ን ነጥሎ ሲያይ ሊደናገር ይችላል፤ «ተ»ንና «ቸ»ን፣ «ደ»ንና «ጀ»ን በራሳቸው ጭረት መለየትም ያስቸግረዋል። ቀጥሎ አጭር ቃል ስጡት። «ብርድ» በሉት፤ ሦስቱም ሳድስ ናቸው፣ ግን አናባቢ የሚሰማው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ሦስቱንም እኩል እየረገጠ የሚያነብ ልጅ ፊደሉን ያውቃል፣ ቃሉን ግን ገና አልሰማውም። ደግሞም ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዋና» ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው ይሁን ወይስ ዋናው ነገር፣ «ገና» በዓሉ ይሁን ወይስ «ገና ነው» የምንለው፣ ልጁ የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ሲገባው ነው። ስለዚህ በፍጥነት እያነበበ ምን እንዳነበበ የማይነግረንም ልጅ የራሱ ቡድን ያስፈልገዋል። በእኛ ዘንድ ይህ ልጅ ጎበዝ ተብሎ ስለሚታለፍ እኔን ይበልጥ ያሳስበኛል።

ከዚያ በአንድ ቡድን ብቻ ጀምሩ። አምስት ወይም ስድስት ልጆች፣ ችግራቸው የሚመሳሰል፣ በጣም ወደ ኋላ የቀሩት። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 15ቱን ስጧቸው። አሥር ቡድን በአንዴ ለማዳረስ የሞከረ መምህር በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል።

አንዳንዶቻችሁ «አንድ ለአምስት አደራጅተን የለም ወይ» እንደምትሉ አውቃለሁ። አንድ ለአምስቱ የተለያየ ደረጃ ያላቸውን ልጆች ያቀላቅልና ጎበዙን መሪ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜም መሪው ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። የንባቡ ቡድን ግን የሚሰበሰበው በጎደለው ነገር ነው፤ የሚመራውም መምህሩ ራሱ ነው። ልጁ ሲሻሻል ይወጣል፤ በየስድስት ሳምንቱ እንደገና ሰምተን ምድቡን እንቀይራለን። ቡድኑንም «ደካሞች» አትበሉት። ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶ በሉት፤ ልጅ ስሙን ይዞ ነው የሚያድገው።

የቀሩት 54 ልጆች ምን ይሠራሉ? ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ቡድኑ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ እናንተ መሥራትን አስተምሯቸው። ሁለት ሁለት ሆነው እየተቀባበሉ ማንበብ፣ ከካርቶን በተቆረጡ ፊደላት ቃል መሥራት፣ ያነበቡትን በደብተር መሳል። በሹክሹክታ መነጋገርን አለማምዷቸው። እናንተ ከቡድኑ ጋር በር አጠገብ ሰሌን አንጥፋችሁ ፊታችሁን ወደ ክፍሉ አዙሩ። በእኛ ብርድ የጠዋት ፀሐይ የሚገባውም በበሩ ነው።

ርእሳነ መምህራንንና ሱፐርቫይዘሮችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ክፍል ስትገቡ ሁሉም ልጅ ወደ ሰሌዳው አላየም ብላችሁ መምህሩን አትውቀሱት። ተጠግታችሁ አንድ ልጅ አስነብቡ፤ ግምገማችሁን ከዚያ ጻፉ። ወላጆችም ማታ ልጃችሁን አስነብቡት። ማንበብ ባትችሉም ጣቱን በቃሉ ላይ እያደረገ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት፤ ያነበበውንም እንዲተርክላችሁ።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ አንዲት አባላችን ከስድስት ልጆች ጋር በዚሁ አዳራሽ የ15 ደቂቃ ትምህርት ታሳየናለች። ልጆቹ እንዳይረበሹ ስልካችሁን አጥፉና ወንበራችሁን ጠጋ አድርጉ። ዓመታዊ ጉባኤያችን ተከፍቷል።