ሞተሩ የሚግለው መቼ ነው?

[ምስል፦ ቸርችል ጎዳና፣ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሽቅብ። የሙቀት ቀስቱ ወደ ቀዩ ሲጠጋ።]

ቀስቱ ቀዩን ከነካ ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱና ዳር ያዙ። ለተሳፋሪ አይመችም፤ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ግን ሊያተርፍ ይችላል። እንፋሎት ካያችሁ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን ቢያንስ 30 ደቂቃ አትንኩት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፤ ቴስታታ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ መለዋወጫ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ግን፣ የሚግለው መቼ ነው?

መብራት ላይ ቆሞ ግሎ፣ ሲነዳ የሚበርድ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፋኑ (የራዲያተሩ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ) ነው። ኤሲ ስትከፍቱ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዝና ሪሌ (የፋኑን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) እዩ። እነሱ ደህና ከሆኑ የፋኑን ሶኬት ነቅላችሁ ከባትሪ ቀጥታ 12 ቮልት ስጡት። አሁን ከዞረ ፋኑ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ሽቦው ወይም ሴንሰሩ ጋ ነው።

[ምስል፦ ራዲያተሩ ፊት የተያዘ ወረቀት።]

ስለዞረም አትመኑት። ከራዲያተሩ ፊት ወረቀት አስጠጉ፤ ከኋላ ያለው ፋን ስቦ ሊለጥፈው ይገባል። ከገፋው ገመዱ ተገልብጦ ታስሯል።

ዳገት ላይ የሚግል ከሆነ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የውሃ ዝውውር ነው። የላይኛው ቱቦ እየፈጀ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ወይ ቴርሞስታቱ (ሲሞቅ ለውሃው የሚከፈተው በር) አልተከፈተም ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል። ብዙ ጋራዥ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። ስህተት ነው። በብዙ ቶዮታዎች ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ ይዘጋል፤ ከሌለ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተር ይመለሳል።

ድስት ውስጥ ፈትኑት። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን በ95 ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ገደማ ስለሚፈላ፣ ድስታችሁ ውስጥ ወለል ብሎ ሲከፈት አታዩትም። ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት።

ይሄው ከፍታ የራዲያተሩን ክዳን ከሁሉ በላይ አንገብጋቢ ያደርገዋል። 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን በሚይዘው ግፊት እዚህ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ሞተሩ በጤናማ ሙቀቱ እየሠራ እንኳ ያፈላል። በርካሹ ዕቃ ጀምሩ፤ የምትገዙት ክዳን ቁጥሩ ለመኪናው ከተመደበው ጋር አንድ ይሁን።

ሞተሩ በቀዝቃዛው ሲነሳ ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ቴስታታው በቀጥ ያለ ብረትና በስፔሰር (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ይለካ፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች የመጣመም ወሰኑ 0.05 ሚሊሜትር ነው።

[ምስል፦ አፍንጫው ወደ ዳገቱ የቆመ መኪና፣ ክዳኑ የተከፈተ።]

ሲሞላ ግማሹ ኩላንት፣ ግማሹ የተጣራ ውሃ፤ የቧንቧ ውሃ ቅርፊትና ዝገት ያመጣል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አፍንጫውን ወደ ዳገት አቁሙት፣ ዳገት እዚህ አይታጣም። ማሞቂያውን ከፍታችሁ፣ ክዳኑን ሳትገጥሙ አስነሱ፤ የላይኛውን ቱቦ እየጨመቃችሁ አረፋው እስኪያቆም ጨምሩ፣ ከዚያ ክደኑት።