ሻዩ ዋጋው ረክሶ ሳለ ለምን ባሕር ውስጥ ተጣለ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ የምናወራው ለእንግሊዙ ንጉሣቸው ድል የደስታ ደወል የደወሉ የአሜሪካ ሰፋሪዎች ከ12 ዓመት በኋላ በዚያው ንጉሥ ጦር ላይ ስለ መተኮሳቸው ነው። 1763 እና 1775፤ እነዚህን ሁለት ዓመቶች ያዙልኝ። ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1763 እንግሊዝ ፈረንሳይን አሸንፋ የሰሜን አሜሪካን ምሥራቃዊ ክፍል ከካናዳ እስከ ፍሎሪዳ ጠቀለለች። በ13ቱ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የሚኖሩት ሰፋሪዎችም አብረው ተዋግተዋል፤ ድሉም ድላቸው ነበር። ነገር ግን ጦርነቱ የእንግሊዝን ዕዳ ወደ 130 ሚሊዮን ፓውንድ አድርሶታል። ለንደን ያሉት ሹማምንት ሒሳቡን አይተው አሜሪካም የድርሻዋን ታዋጣ አሉ። እውነቱን እንናገር፤ ጥያቄው ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። ለንደን የሚኖረው ሰው ቦስተን ከሚኖረው እጅግ የበለጠ ግብር ይከፍል ነበር።

ታዲያ ምን አስቆጣቸው? እስቲ ዕድራችንን እናስብ። ይህን ምሳሌ በጣም እወደዋለሁና ታገሡኝ።

እሑድ ጠዋት ነው፤ ስብሰባ አለ። ወርኃዊ መዋጮው ይጨመር አይጨመር እያልን እንከራከራለን። አንዱ ይቆጣል፣ ሌላው “ሥነ ሥርዓት!” ይላል። ድንኳኑ ተቀድዷል፣ ወንበር ጎድሏል፣ ትልቁን ድስት የተዋሰው ሰው እስካሁን አልመለሰም። ረጅም ነው፣ ያሰለቻል። ሆኖም በመጨረሻ እጅ አውጥተን እንወስናለን፤ የወሰንነውንም እንከፍላለን። የሚያጉረመርም አይጠፋም፤ ተዘረፍኩ የሚል ግን የለም።

አሁን ደግሞ የዕድሩ ዳኛ እኛ ያልመረጥነው፣ ከሩቅ ተሹሞ የመጣ ሰው ነው እንበል። ያሳስበናል? ብዙም አያሳስበንም። ለምን? አበሉን የምንከፍለው እኛ ነና! ቢያስቸግረን አበሉ ይዘገያል። ስለዚህ ይሰማናል፤ ባይወደንም ይሰማናል።

አንድ እሑድ ደብዳቤ ይመጣል። ባሕር ማዶ ያለ፣ እኛ አንድም ሰው ያልወከልንበት ኮሚቴ መዋጮ ወስኖልናል። መዋጮዋ ትንሽ ናት፤ የማንንም ቤት አታናጋም። ከደብዳቤው ግርጌ ግን አንድ መስመር አለች፦ ከእንግዲህ የዳኛው አበል ከዚህች ገንዘብ ይከፈላል።

እዚህች መስመር ላይ ቆም በሉ። መዋጮዋን ተዉአት፤ መስመሯን ተመልከቱ። ዳኛው ከነገ ወዲያ የእኛን ስብሰባ ምን ብሎ ይሰማል? ድንኳኑ አለ፣ መዝገቡ አለ፣ ጸሐፊውም ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሥልጣኑ ግን ሄዷል።

በአሜሪካ የሆነው ይኸው ነው። በአብዛኞቹ ቅኝ ግዛቶች ገዥውን የሚሾመው ንጉሡ ነበር፤ ደመወዙን የሚከፍለው ግን ሰፋሪዎቹ የመረጡት ምክር ቤት ነው። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ምክር ቤት የነበራት ከ1619 ጀምሮ ነው። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ልማድ ሆኗል ማለት ነው።

የቀረውን ታሪክ በትምህርት ቤት ስለምታውቁት በፍጥነት እሄዳለሁ። በ1765 የእንግሊዝ ፓርላማ የቴምብር ሕግ አወጣ፤ ጋዜጣ፣ የፍርድ ቤት ሰነድ፣ የመጫወቻ ካርታ ሳይቀር ይቀረጣል። ቦስተን ላይ የቴምብር አከፋፋዩን የአንድሩ ኦሊቨርን ምስል ሠርተው ዛፍ ላይ ሰቀሉ፤ ነጋዴዎች የእንግሊዝ ዕቃ አናስመጣም አሉ። በ1766 ሕጉ ተሻረ። በዚያው ጊዜ ግን ፓርላማው በማናቸውም ጉዳይ ላይ ለቅኝ ግዛቶች ሕግ የማውጣት ሥልጣን አለኝ ብሎ አወጀ። በ1767 በመስታወት፣ በእርሳስ ማዕድን፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ ቀረጥ ተጣለ፤ ዓላማው ለገዥዎችና ለዳኞች ደመወዝ መክፈል እንደሆነ በሕጉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ያቺ መስመር! በ1770 ቦስተን ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች ተኩሰው አምስት ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ቀረጦቹ ተነሡ፤ የሻዩ ብቻ ቀረ።

አሁን ወደ እናንተ አስተያየት ልምጣ። ባለፈው ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ “ግብር በዛባቸው፣ አመፁ፣ በቃ” ብላችሁ ጽፋችኋል። ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ! አሜሪካ ሆናችሁ ለዜግነት ፈተና ያጠናችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሰፋሪዎቹ እንግሊዞችን ለምን ተዋጉ የሚል ጥያቄ ለዓመታት ነበር፤ ከመልሶቹም አንዱ ከፍተኛ ግብር የሚል ነው። ለፈታኙ እንደዚያ መልሱ፣ ዜግነታችሁንም ያዙ። ነገር ግን እዚያው ወረቀት ላይ ራሳቸውን በራሳቸው ማስተዳደር አልቻሉም የሚል መልስም አለ። እኔ የምቆምለት እርሱን ነው። ማስረጃዬም ሻዩ ነው።

በ1773 የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የተባለው የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት መጋዘኑ ባልተሸጠ ሻይ ተሞልቶ ሊከስር ደርሶ ነበር። ፓርላማው ሊያድነው ብሎ ሻዩን እንግሊዝ ላይ ሳይቀረጥ በቀጥታ አሜሪካ ወስዶ እንዲሸጥ ፈቀደለት። ውጤቱ ምን ሆነ? ሻዩ ረከሰ! ከሆላንድ በኮንትሮባንድ ከሚገባው ሻይ ጋር ሊወዳደር የሚችል ሆነ። አሜሪካ ሲደርስ የሚከፈለው ቀረጥ በግማሽ ኪሎ ገደማ ሦስት ፔኒ ብቻ ነበር።

ሰዎቹ የተቆጡት በዚህ ርካሽ ሻይ ነው። ሦስቷን ፔኒ መክፈል የለንደንን ሥልጣን መቀበል ነበር። ቦስተን ያለችበት የማሳቹሴትስ ገዥ ቶማስ ሃቺንሰን ደግሞ ከ1772 ጀምሮ ደመወዙ ከንጉሡ እንደሚከፈለው ተነግሯል። ሻዩን ተረክበው እንዲሸጡ ከተመረጡት መካከል ሁለቱ የራሱ ልጆች ነበሩ። በእርግጥ የኮንትሮባንድ ነጋዴዎችም ገበያቸው ሊዘጋ ስለነበር ከቁጣው ውስጥ የእነርሱ ጥቅም አለበት፤ ይህን መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም። ሃቺንሰን ቀረጡ ሳይከፈል መርከቦቹ አይመለሱም ብሎ ድርቅ አለ። ዲሴምበር 16 ቀን 1773 ሌሊት 342 ሣጥን ሻይ፣ ከ40 ቶን በላይ፣ ቦስተን ወደብ ላይ በተቆጡት ሰፋሪዎች እጅ ባሕር ገባ።

ፓርላማው በ1774 የቦስተንን ወደብ ዘጋ። ከዚያ የባሰውን ስሙ፤ በማሳቹሴትስ ያለ ገዥው ፈቃድ የከተማ ስብሰባ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደረግ ከለከለ። የእሑዱን ስብሰባ ከለከለ ማለት ነው! ሻይ ያልደፉት ቅኝ ግዛቶችም ነገ በእኛ ብለው ደነገጡ፤ በሴፕቴምበር ከ13ቱ የ12ቱ ተወካዮች ፊላደልፊያ ተሰበሰቡ። ኤፕሪል 19 ቀን 1775 የማሳቹሴትሷ ሌክሲንግተን ላይ በሰፋሪዎቹና በንጉሡ ጦር መካከል ጥይት ተተኮሰ። ያን ጊዜ እንኳ ለንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ የእርቅ አቤቱታ ላኩ፤ አልቀበልም ብሎ አመፀኞች ናቸው ሲል አወጀ። ነፃነታቸውን ያወጁት ከዚያ በኋላ፣ በጁላይ 1776 ነው።

ለቻናላችን አዲስ የሆናችሁ ቤተሰብ ሁኑ፣ ደወሏንም ተጫኑ፤ የሚቀጥለው ቪዲዮ እንዳያመልጣችሁ እፈልጋለሁ። ስለ ድምፅ መነፈግ የጮኹት እነዚህ ሰፋሪዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮችን በባርነት ይዘው ነበር። በኖቬምበር 1775 የቨርጂኒያ ገዥ ሎርድ ደንሞር ከአመፀኛ ጌቶቻቸው አምልጠው ለንጉሡ ለሚዋጉ ባሪያዎች ነፃነት እሰጣለሁ ሲል አወጀ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩት ሸሽተው ወደ እርሱ ሄዱ። ያቋቋመላቸው ጦር “የኢትዮጵያ ሬጅመንት” ይባል ነበር። ከአገራችን የሄዱ አልነበሩም፤ በዚያ ዘመን ጥቁርን ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። የእነርሱን ታሪክ በሙሉ ይዤ እመጣለሁ።