ማንም ሳያዘው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ሬይ ቶምሊንሰን ላወራችሁ ነው። ስሙን ሰምታችሁት ላታውቁ ትችላላችሁ፤ ኢሜይል በላካችሁ ቁጥር ግን የምትጠቀሙት የእሱን ሥራ ነው።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 1971 ነው። ቶምሊንሰን 30 ዓመቱ፣ ማሳቹሴትስ ካምብሪጅ ውስጥ ቢቢኤን በሚባል ኩባንያ መሐንዲስ ነው። ያኔ አንድን ኮምፒውተር ብዙ ሰው ይጋራው ነበር። ተጠቃሚዎቹ እርስ በርስ መልእክት የሚተዉበት ፕሮግራምም ነበራቸው። ችግሩ፣ መልእክቱ ከዚያው ማሽን አይወጣም።

ቶምሊንሰን ይህን ፕሮግራም እያሻሻለ ሳለ አንድ ነገር ብልጭ አለለት። የመልእክት ሳጥን የሚባለው እኮ ተራ ፋይል ነው፤ አዲስ ጽሑፍ ከሥሩ ይቀጠልበታል፣ በቃ። ኮምፒውተሮችን ከሩቅ በሚያገናኘው የዚያን ጊዜ ኔትወርክ፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው አርፓኔት በኩል ፋይል ከማሽን ወደ ማሽን የሚያሻግር ሌላ ፕሮግራም ደግሞ በእጁ ነበር። ታዲያ ሩቅ ያለ ፋይል ሥር መቀጠልን ምን ይከለክለዋል? ሁለቱን አገናኛቸው።

የቀረው አድራሻ ነው። የሰውየውን ስም ከማሽኑ ስም የሚለይ፣ በማንም ስም ውስጥ የማይገባ ምልክት ያስፈልጋል። ለኮምፒውተሩ የሚጽፍበትን መሣሪያ፣ የቴሌታይፑን ቁልፎች አየ፤ @ን መረጠ።

ሙከራው ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ማሽኖች መካከል ነበር፤ የሚያገናኛቸው ግን አርፓኔት ብቻ ነው። ምን ብሎ ጻፈ? ኋላ ሲጠየቅ አያስታውሰውም። እጁ ላይ የመጣለትን ፊደል ነው የመታው። እኔ ይሄን እወድለታለሁ። ሐሳቡ ሁሉ ሥራው ላይ ነበር፤ መታሰቢያ ማስቀመጡ ትዝም አላለው። መሥራቱን ካረጋገጠ በኋላ አጠቃቀሙን ለባልደረቦቹ ያስታወቀው በዚያው በኢሜይል ነው።

ደግሞ ማንም አላዘዘውም። ለባልደረባው ሲያሳየው «ለማንም እንዳትናገር፤ የታዘዝነው ሥራ ይሄ አይደለም» ማለቱ ይነገራል። ለምን ሠራኸው ሲሉት መልሱ አጭር ነበር፦ ጥሩ ሐሳብ መስሎ ታየኝ።

ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆች ሳገኝ፣ ቀድሞ የሚነሳው ማን ይከፍላል የሚለው ነው። አልፈርድባቸውም፤ የቤት ኪራይ አለ፣ ኑሮ አለ። ግን እባካችሁ፣ ከሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ማንም ላላዘዛችሁ ነገር አስቀሩ። ከልቤ ነው የምላችሁ።

ቶምሊንሰን በ2016፣ በ74 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ከቢቢኤን አልወጣም። ያን ምልክት በመረጠ በ2 ዓመቱ፣ በ1973 ጥናት ሲደረግ፣ በአርፓኔት ከሚተላለፈው መረጃ 75 በመቶው ኢሜይል ሆኖ ተገኘ። ኔትወርኩን ያሠሩት ሰዎች ዋና ዓላማቸው ኮምፒውተሮችን ከሩቅ መጋራት ነበር። ሰዉ ግን መጻጻፊያውን ሲያገኝ ጊዜ አልፈጀም።