ሲሮጡ የታጠቁት

እንደምን አመሻችሁ?

እንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጡት ያሰቡት የተሳካላቸው ሰዎች ናቸው። እኔ የመጣሁት ግን ስላልደረስኩበት ቦታ ልነግራችሁ ነው። አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ ይህን ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። «እሱማ ይሻላል» አሉኝ። ለምን እንደሚሻል አላብራሩልኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኪሊማንጃሮን ልወጣ ሄድኩ። ከፍታው 5,895 ሜትር ነው። በአፍሪካ ከእሱ የሚበልጥ ተራራ የለም። በተለመደው መንገድ ከሄዱ ገመድ መያዝ፣ ገደል ላይ መንጠልጠል የሚባል ነገር የለም። በእግሩ መሄድ የሚችል ሰው ሁሉ ይወጣዋል ይባላል። ጉድ የሠራችኝ ይህቺ «ይባላል» ናት።

የመጨረሻው ጉዞ የሚጀመረው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ጨለማው ድቅድቅ ነው። ግንባራችሁ ላይ ባትሪ ታስራላችሁ። የምታዩት ከፊታችሁ የሚሄደውን ሰው ተረከዝ ብቻ ነው። መሪያችን በየደቂቃው «ፖሌ ፖሌ» ይላል፤ በስዋሂሊ ቀስ በሉ ማለት ነው። ባይለንም መሮጥ የሚችል አልነበረም። ጫፉ አካባቢ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ግማሽ ያህል ነው። ጥቂት ተራምዳችሁ ትቆማላችሁ። ደግሞ ጥቂት ትራመዳላችሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሊትር የሚይዝ የውኃ ከረጢት ነበረኝ። ከእሱ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሏል። ሲጠማኝ እሱን እስባለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን ሳብኩት፤ ምንም የለም። ደግሜ ሳብኩት። ቱቦው ውስጥ የቀረው ውኃ በረዶ ሆኗል። ሁለት ሊትር ውኃ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ጉሮሮዬ ደረቀ።

መፍትሔው የልጅ ሥራ ነው። ከጠጡ በኋላ ቱቦውን እፍ ማለት ብቻ። ውኃው ወደ ከረጢቱ ይመለሳል፤ ባዶ ቱቦ ደግሞ የሚቀዘቅዝ ነገር የለውም። ይህን አንብቤው ነበር። አንብቤ ገባኝ ብዬ አለፍኩት። አንድም ቀን በብርድ ሞክሬው አላውቅም። ቦርሳዬን አውርጄ ከረጢቱን መክፈት እችል ነበር፤ ጣቶቼ ግን ደንዝዘው ዚፑን እምቢ አሉኝ። «እርዱኝ» ማለት ደግሞ አፈርኩ። ከኋላዬ አንዲት ጠና ያለች ሴት እያፏጨች ትወጣለች፤ እኔ ዚፕ ክፈቱልኝ ልበል?

ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። ማቅለሽለሹ ተከተለ። 5,000 ሜትርን አልፈን ነበር። መሪያችን ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራና ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። «በጣም ደህና ነኝ» አልኩት። «ጓንትህ የት አለ?» አለኝ። እጄን አየሁት። የቀኝ ጓንቴ የለም። መቼ እንዳወለቅኩት፣ የት እንደጣልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። ይዞኝ ወረደ።

አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። የኔ የተፈታው ጨለማ ውስጥ፣ ሰው ፊት ነው። ከሁሉ የሚገርመው ምን አዘጋጅቼ እንደነበር ነው። ጫፍ ላይ ሆኜ ፌስቡክ ላይ የምለጥፈውን ጽሑፍ ሳይቀር ጽፌ ጨርሼ ነበር። ልጁ ሳይወለድ ስም አውጥቼለት ነበር። ለሦስት ወር ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ኪሊማንጃሮ ልወጣ ነው» እያልኩ ስናገር፣ ሰዉ «ጎበዝ! ጀግና!» ሲለኝ፣ ገና ሳልሄድ የወጣሁ ያህል ተሰምቶኝ ነበር። እንደዚያ ዓይነት ሙገሳ ይጣፍጣል። ለልምምድ ደረጃ መውጣት ግን አይጣፍጥም። ስለዚህ ሙገሳውን ወሰድኩና ደረጃውን ተውኩት።

ከተመለስኩ በኋላ ስለ ሌሎች ጀብደኞች ማንበብ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር የምፈልገው ማጽናኛ ነበር፤ «እነሱም ወድቀዋል» ለማለት። ወድቀዋል። ግን ያየሁት ሌላ ነገር አለ።

ኖርዌያዊውን ሮአልድ አሙንድሰንን ውሰዱ። ታኅሣሥ 14 ቀን 1911 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደቡብ ዋልታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰውን ቡድን የመራ ሰው ነው። ታሪኩ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ከውድድሩ ይጀመራል፤ እሱና እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮት ማን ይቀድማል በሚለው። እኔን የያዘኝ ከዚያ በፊት ያለው ክረምት ነው። በዚያ የአንታርክቲካ ዳርቻ አራት ወር ያህል ፀሐይ አትወጣም። ሰዎቹ በረዶ ውስጥ ክፍል ክፍል ቆፍረው ተቀመጡ። ምን ሠሩ? ውሾቹ የሚጎትቷቸውን ስሌዶች በመላጊያ ላጉ፤ ክብደት እንዲቀንስ። ቡት ጫማቸውን እየተረተሩ እንደገና ሰፉ። ስንቁን በሳጥን በሳጥን አሸጉ፤ ብስኩቱ እየተቆጠረ ነው የሚገባው። መንገድ ላይ ሚዛን የለማ። ቀደም ብለው ያስቀመጧቸው የስንቅ ክምሮች በጭጋግ እንዳይጠፉባቸው ደግሞ ከክምሩ ግራና ቀኝ በረድፍ ባንዲራ ተክለዋል። መንገድ ስተው ቢያልፉ እንኳ ከባንዲራዎቹ አንዱን ያገኛሉ።

ውሻ መንዳቱንና የቆዳ ልብሱንም ከራሱ አላፈለቀውም። ከ1903 እስከ 1906 በሰሜን አሜሪካ የሰሜን ጫፍ በኩል በመርከብ ሲያልፍ ሁለት ክረምት ከኔትሲሊክ ኢኑይት ሕዝብ አጠገብ ከርሟል። ከእነሱ ተማረ። ልብሱ ሰፋ ማለት አለበት፤ ላብ ከያዘህ ብርዱ ይገድልሃል። ይህን የሚያውቁት እዚያው የሚኖሩት ናቸው። ሄዶ የጠየቃቸው ደግሞ እሱ ነው።

እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ግን አንድ ቀን እንደኔ ሆኗል። ስኮት እንዳይቀድመው ፈርቶ በመስከረም 1911 መጀመሪያ ላይ፣ ጊዜው ሳይደርስ ተነሣ። ብርዱ ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ አለፈ። ውሾች ሞቱ፤ የሰዎች ተረከዝ በብርድ ተጎዳ። እየተንጠባጠቡ ተመለሱ። ያልማር ዮሃንሰን የሚባለው ልምድ ያለው አባል፣ ከኋላ የቀረ ጓደኛውን ይዞ የመጣው፣ በማግስቱ አሙንድሰንን ሰው ፊት ወቀሰው። አሙንድሰን ቂም ያዘ፤ ዮሃንሰንን ወደ ዋልታው ከሚሄዱት ሰረዘው። ያንን ብስኩት ክረምቱን ሙሉ ሲያሽግ የነበረው ዮሃንሰን ነበር። ይህን አልወድለትም። ትልቅ ሕልም ያለው ሰው አጠገቡ ያሉትን ሲረግጥ «ዓላማው ትልቅ ስለሆነ ነው» የሚባለው ነገር አይገባኝም።

አሙንድሰን በጥቅምት ከአራት ሰዎች ጋር እንደገና ወጣ፤ ደረሰም። ስኮት ከአንድ ወር በላይ ዘግይቶ፣ ጥር 17 ቀን 1912 ደረሰ። ሲመለሱ እሱም አራቱ ጓደኞቹም ሞቱ። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «ስኮት እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ» ማለት ቀላል ነው። እኔ ቱቦ እፍ ማለት ያቃተኝ ሰው ስለሆንኩ በዚህ ላይ አስተያየት የለኝም።

ስለ መመለስ ካነሣሁ ኧርነስት ሻክልተንን ልጥቀስ። በ1909 ወደ ዋልታው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ተመለሰ። ማንም ሰው ያን ያህል ርቆ ሄዶ አያውቅም ነበር። ስንቃቸው እያለቀ ነበር፤ ቢቀጥል መድረሱ ምናልባት ይሆናል፤ መመለሱ ግን አይሆንም። ለሚስቱ ሲነግራት፣ ከሞተ አንበሳ በሕይወት ያለ አህያ ይሻልሻል ብዬ ነው አላት። እኛ ከመጽሐፈ መክብብ «ያልሞተ ውሻ ከሞተ አንበሳ ይሻላል» የሚለውን እናውቃለን። ውሻውን በአህያ ለውጦታል። ምናልባት ዋልታ ላይ ውሻ ክቡር ስለሆነ ይሆናል።

አሁን ወደ ጁንኮ ታቤይ። ጃፓናዊት ናት፤ ቁመቷ አጭር። በ1969 ሴቶች ብቻ ያሉበት የተራራ ወጪዎች ክበብ አቋቋመች። ኤቨረስትን ልንወጣ ነው ብለው ገንዘብ ሲጠይቁ «ልጆቻችሁን ብታሳድጉ አይሻልም?» የሚል መልስ ይመጣ ነበር። ታቤይ ትንሽ ልጅ ነበረቻት። ፒያኖ እያስተማረች ገንዘብ አጠራቀመች። ውኃ የማያስገባውን የጓንት ልባስ ከመኪና ወንበር ልብስ ሰፉት። እስቲ አስቡት፤ የዓለምን ትልቁን ተራራ ልትወጣ የተነሣች ሴት ማታ ማታ የመኪና ወንበር ልብስ ስትቀድ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ ከጫፉም በላይ።

በግንቦት 1975 ድንኳናቸው ውስጥ ተኝተው ሳለ የበረዶ ናዳ ወረደባቸው። ታቤይ ተቀበረች። ስድስት ደቂቃ ያህል ራሷን ስታ ቆየች። ሼርፓዎች፣ ማለትም ተራራ ወጪዎችን የሚያግዙ የአካባቢው ሰዎች፣ ቆፍረው አወጧት። መጀመሪያ ላይ በእግሯ መቆም እንኳ ከብዷት ነበር። ከናዳው 12 ቀን በኋላ፣ ግንቦት 16፣ ከሼርፓው አንግ ጸሪንግ ጋር ጫፍ ላይ ቆመች። የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እሷ ግን 36ኛዋ ሰው ብትባል ትመርጥ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ ዋሸኋችሁ። እነዚያ ስድስት ደቂቃዎች አሥራ ስድስት ቢሆኑ ኖሮ ፒያኖውም ስፌቱም ምንም አያድኗትም ነበር። ለፍቶም የማይደርስ አለ። ሲጀመር መሄድ የማይችልም አለ። የታመመች እናቱን የሚያስታምም ሰው፣ በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ፊት ቆሜ «ሕልምህን ተከተል፣ ከሠራህ ይሳካል» ለማለት ድፍረቱ የለኝም። እኔ እረፍት ነበረኝ፣ ያጠራቀምኩት ነበረኝ፣ ጤናም ነበረኝ። እነዚህ ሁሉ ኖረውኝ ነው ቱቦ ያልሞከርኩት። ወቀሳው ለኔ ዓይነቱ ነው።

አንድ ልጨምር። ዳያና ናያድ የተባለችው ዋናተኛ ከኩባ እስከ ፍሎሪዳ ለመዋኘት መጀመሪያ የሞከረችው በ1978፣ በ28 ዓመቷ ነው። አልሆነም። ከ30 ዓመት በላይ ቆይታ ተመለሰችበት። በ2011 ሁለት ጊዜ፣ በ2012 አንድ ጊዜ ሞክራ አልሆነም። ጄሊፊሽ የሚባለው ተናዳፊ የባሕር እንስሳ እየነደፋት ተሠቃየች። ከዚያ ፊቷን የሚሸፍን የሲሊኮን ጭምብል አሠራች። በ2013 በአምስተኛው ሙከራ፣ በ64 ዓመቷ፣ ከ50 ሰዓት በላይ ዋኝታ ፍሎሪዳ ዳርቻ ላይ በእግሯ ቆመች። በስፖርቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች «ማስረጃው አልተሟላም» ብለው እስካሁን ይከራከሩበታል። ይከራከሩ። እኔን የሚገርመኝ ጭምብሉ ነው። አንድ ሙከራ፣ አንድ ጄሊፊሽ፣ አንድ ጭምብል።

እና እኔስ?

የምኖርበት ሕንፃ 12 ፎቅ ነው። 234 ደረጃ አለው። ቆጥሬዋለሁ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አትጠይቁኝ። በሳምንት አራት ቀን፣ ጎህ ሳይቀድ ባለሁለት ሊትር ስድስት ጠርሙስ ውኃ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እወጣለሁ። ላይ ስደርስ ውኃውን ጣሪያ ላይ ላሉት አትክልቶች አፈሰዋለሁ፤ ቁልቁል ሲወርዱ ሸክም ጉልበት ይበላል። ባዶ ጠርሙስ ይዤ እወርዳለሁ፣ ሞልቼ እመለሳለሁ። አትክልቶቹ አምረዋል። እኔ ገና ነኝ።

አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ አየችኝ። «ጋሼ፣ ምን ረስተህ ነው ሁልጊዜ የምትመለሰው?» አለችኝ። ተራራ ልወጣ እየተለማመድኩ ነው አልኳት። ደረጃውን ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። «ይሄ እኮ ደረጃ ነው» አለችኝ። ትክክል ናት። በጣም አሰልቺ ደረጃ ነው። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ሁልጊዜ «ዛሬስ ይቅር» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ለምን ሰባተኛው እንደሆነ አላውቅም። አንዳንድ ቀን እሰማዋለሁ፤ እመለሳለሁም።

የውኃ ቱቦውን ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ ሞከርኩት። ውኃ የሞላ ቱቦና እፍ የተባለ ቱቦ ጎን ለጎን አስቀምጬ አደርኩ። ጠዋት አንዱ ዱላ ሆኗል፤ አንዱ ቱቦ ነው። እጄን በበረዶ ውኃ ነክሬ፣ ወፍራም ጓንት አድርጌ ቦርሳ መክፈትም እለማመዳለሁ። መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ፈጀብኝ። አሁን ከግማሽ ደቂቃ በታች ነው። ቤተሰቦቼ በዝምታ ያዩኛል።

በሚቀጥለው ጥር እንደገና እሄዳለሁ። እደርሳለሁ ብዬ ቃል አልገባም፤ ፌስቡክ ላይም ምንም አልጻፍኩም። ለእናንተ ነው የነገርኳችሁ፤ እሱንም ስለተጋበዝኩ ነው። ጓንቶቼን ግን በገመድ አያይዣቸዋለሁ። ገመዱ በአንዱ እጅጌ ገብቶ፣ በጀርባዬ ዞሮ፣ በሌላው ይወጣል፤ ለሕፃናት እንደሚደረገው። ስለብሰው ሰዉ ይስቅብኛል። የአራተኛ ፎቋ ልጅ ግን አልሳቀችም። እሷም እንደዚያ ዓይነት አላት።

አመሰግናለሁ።