ከመፍረዳችን በፊት የትኛውን ቅጂ ሰማን?

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙዚቃ ወዳጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

«ዬስ» የተባለው የእንግሊዝ ፕሮግሬሲቭ ሮክ (ረጃጅምና ውስብስብ ሥራዎች የሚበዙበት የሮክ ዓይነት) ባንድ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው «ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስ» የተባለው አልበም አድማጩን ለሁለት ከከፈለ ከ50 ዓመት በላይ ሆነው። አንዱ የባንዱ ትልቁ ሥራ ነው ይላል። ሌላው ቦታ መሙያ የበዛበት ነው ብሎ ከሁለተኛው የሸክላ ገጽ አያልፍም። ሁለቱም ወገኖች ከልባቸው ነው የሚከራከሩት። እኔ ግን የሚጋጩት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነገር ስላልሰሙ ይመስለኛል፤ ዛሬ የመጣሁትም ይህን በዝርዝር ላሳይ ነው።

አልበሙ ሁለት ሸክላ ነው፤ በአራቱ ገጾች ላይ አራት ሥራዎች ብቻ አሉ። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 20 ከ38፣ ሦስተኛው 18 ከ35፣ አራተኛው 21 ከ37 ገደማ ይፈጃሉ። ድምፃዊው ጆን አንደርሰን መነሻውን ያገኘው በሕንዳዊው የዮጋ መምህር በፓራማሃንሳ ዮጋናንዳ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ካለ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ነው፤ ማስታወሻው ስለ አራት ዓይነት የሂንዱ ቅዱሳት ጽሑፎች ያወሳል። አራት ጽሑፍ፣ አራት ገጽ። ንድፉን ከጊታሪስቱ ከስቲቭ ሃው ጋር ሆነው አወጡት። ድራመሩ አለን ዋይት ከባንዱ ጋር የሠራው የመጀመሪያ የስቱዲዮ አልበምም ይኸው ነው።

ክርክሩ የተጀመረው አልበሙ ገበያ ላይ ሳይውል ነው። ባንዱ በኖቬምበር 1973 ለንደን በሚገኘው ሬይንቦው ቲያትር ሙሉውን ሥራ መድረክ ላይ ተጫወተው፤ አልበሙ የወጣው ግን ዲሴምበር ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው አብዛኛው ሰው ከዚያ በፊት ያልሰማውን 80 ደቂቃ ሙዚቃ በአንድ ምሽት ተቀበለ። አንድ ዜማ አስተዋውቆ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ለውጦ የሚመልስ ሥራ፣ አድማጩ የመጀመሪያውን ዜማ ካላስታወሰ መመለሱ ራሱ አይሰማውም፤ ስለዚህ ይረዝምበታል። ዛሬም አራቱን ገጽ በአንድ ቁጭታ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው እዚያው አዳራሽ ውስጥ እንደተቀመጠ ቁጠሩት።

አሁን ወደ ቅጂዎቹ ልግባ። «አልበሙ እንዴት ይጀምራል?» ብላችሁ ሁለት አድማጮችን ጠይቁ። በቀድሞው ሸክላ የሚያውቀው ሰው ድምፃዊው ወዲያው እንደሚገባ ይነግራችኋል፤ ቃላቱ በአጭር በአጭሩ እየተከታተሉ፣ ዝማሬ በሚመስል ዜማ፣ ከሥር መሣሪያው ቀስ እያለ እየከበደ። በ2003 እንደገና ማስተር ተደርጎ (የተቀዳው ድምፅ ለኅትመት ዳግም ተስተካክሎ) የወጣውን ሲዲ የሰማው ደግሞ መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ የሚያብብ መግቢያ እንዳለ ይናገራል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ለሸክላው ሲባል የተቆረጠው መግቢያ በ2003 ተመልሷል። «ጅማሬው ይጎተታል» የሚል አስተያየት ስታነቡ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። በ2016 እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ስቲቨን ዊልሰን እንደገና ሚክስ ያደረገው (የየመሣሪያውን ድምፅ በአዲስ መልክ አመጣጥኖ ያዋሀደው) ቅጂም አለ፤ እሱን ሰምቶ ስለ ቤዙ ወይም ስለ ድራሙ ጥራት የሚፈርድ ሰው እየፈረደ ያለው በሌላ ሰው ሚክስ ላይ ነው።

የሸክላ አድማጮች ስለ አራተኛው ገጽ መጨረሻ የሚያሰሙት ቅሬታም ምክንያት አለው። ሸክላው ከዳር እስከ መሐል በደቂቃ 33⅓ ዙር ይዞራል። ዳር ላይ በመርፌው ሥር በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል መስመር ያልፋል፤ መሐል ሲደርስ 21 ገደማ ይሆናል። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ላይ ተጨናንቆ ስለሚቀረጽ ቀጫጭኑ ድምፅ ይሻክራል፣ «ስ» እና «ሽ» ይፏጫሉ። አራተኛው ገጽ ከሁሉም ረጅሙ ነው፤ የከበሮው ማዕበልና ከእሱ በኋላ የሚመጣው ለስላሳ መዝጊያ ደግሞ የወደቁት በገጹ የመጨረሻ ሲሶ ላይ ነው። መርፌው ካረጀ ወይም መርፌውን የሚይዘው ካርትሪጅ በትክክል ካልተገጠመ፣ «አጨራረሱ ያደነቁራል» የሚለው ወቀሳ ሙዚቃውን ሳይሆን ማጫወቻውን ይመለከታል። ማጣራቱ ቀላል ነው፤ ያንኑ መዝጊያ ከሲዲ ስሙና አወዳድሩ። ስታወዳድሩ ግን የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል አድርጉ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና።

ይህ ሁሉ ተጣርቶም እውነተኛ ድክመት ይቀራል፤ አልክድም። ሁለተኛው ገጽ ላይ የሜሎትሮኑ (በቴፕ የተቀዳ የመሣሪያ ድምፅ የሚያሰማው ኪቦርድ) ረጅም ማዕበል አምሮ ይነሣል፣ ነገር ግን ዜማው የሚሄድበትን ሳያገኝ ደጋግሞ ይመለሳል። ኪቦርዲስቱ ሪክ ዌክማን ራሱ ይህን በአደባባይ ተናግሯል፦ ለአንድ ሸክላ የበዛ፣ ለሁለት ያነሰ ሐሳብ ነበራቸውና ቦታ መሙያ ገባበት። በ1974 ከባንዱ ወጣ። የእሱን ቃል ለመላው አልበም ፍርድ አድርገው የሚጠቅሱ ግን ሦስተኛውን ገጽ ይበድላሉ።

ሦስተኛው ገጽ በኮከብ ሲመዘን ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለውን ይይዛል፤ እንደ እኔ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ 12 ደቂቃዎች ጆሮ ይፈትናሉ። የሃው ስቲል ጊታር (ክሩ ላይ ብረት እየተንሸራተተ የሚጫወቱት) ከድራሙ ጋር እየተጋጨ ይሄዳል፣ ምቱ አይጨበጥም፣ የሚያዝ ዜማ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ያቆመዋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም መሣሪያ ዝም ይልና አንድ አኩስቲክ ጊታር ብቻ ይቀራል፤ ጣቶቹ ከክር ወደ ክር ሲሻገሩ ይሰማል። ቀጥሎ አንደርሰን በዝግታ፣ ሳይጮኽ ይዘፍናል። ያ ጸጥታ እንዲህ የሚያሳርፈው ከፊቱ ያ ሁሉ ሁካታ ስለነበረ ነው። ቀንጭቦ ለብቻው የሰማው ሰው ቆንጆ ዘፈን ሰማ እንጂ ይህን እፎይታ አላገኘም።

ስለዚህ ከዛሬው ማዳመጥ በኋላ አስተያየት ስትጽፉ፣ ለአልበሙ አንድ ነጥብ ከመስጠት ለየገጹ ስጡ። ወረቀቱ ራስጌ ላይ የቅጂውን ዓመትና በምን እንደሰማችሁት አስፍሩ። «ረዘመ» የምትሉ ከሆነ ከስንተኛው ደቂቃ እስከ ስንተኛው እንደሆነ ጻፉ። ሁለተኛ ጊዜ ሳትሰሙ ነጥቡን አትዝጉት፤ በገጽና በገጽ መካከልም ቢያንስ አሥር ደቂቃ ጆሯችሁን አሳርፉ።

ወረቀቱ በእጃችሁ ነው። የምንጀምረው በቀድሞው ሸክላ፣ በአንደኛው ገጽ ነው። መግቢያ የለውም፤ ድምፁ ወዲያው ይገባልና እባካችሁ አሁኑኑ ዝም እንበል።