ለአኒሜሽን ትምህርት ፖርትፎሊዮ፦ ፊቱን ተዉት፣ ክብደቱን ሳሉ

ሰላማዊት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። አኒሜሽን ለመማር ውጭ አገር የሚያመለክት ልጅ ፖርትፎሊዮው ውስጥ፣ ማለትም ከማመልከቻው ጋር በሚልከው የሥራዎቹ ስብስብ ውስጥ፣ ምን ያስገባ? ናሆም፣ አንተ የብዙ አመልካቾችን ሥራ ታያለህ።

ናሆም፦ አያለሁ፤ እጃቸውም ጎበዝ ነው። ግን ገጽ በገጽ ስትገልጪው ከጃፓን አኒሜ የተቀዳ ፊት ነው። ዓይኑ ያምራል፣ ፀጉሩ ያምራል። እጁ ኪስ ውስጥ ተደብቋል፤ እግርማ ጭራሽ የለም፣ ሥዕሉ ወገብ ላይ ያልቃል።

ሰላማዊት፦ እዚህ ላይ ለልጆቹ ልሟገት። አብዛኛው ሰዓሊ የጀመረው የወደደውን ገጸ-ባሕርይ እየቀዳ ነው።

ናሆም፦ ይቅዳ እንጂ! ቤቱ ቁጭ ብሎ ይቅዳ፣ ይማርበታል። ማመልከቻ ግን ሌላ ነገር ነው። ካሊፎርኒያ ያለውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካልአርትስን እንውሰድ፤ ዋልት ዲዝኒና ወንድሙ ሮይ እ.ኤ.አ. በ1961 የመሠረቱት ነው፤ የካራክተር (የገጸ-ባሕርይ) አኒሜሽን ትምህርቱ የተጀመረው በ1975 ነው። ከአመልካች አጥብቀው የሚፈልጉት በዓይን እየታየ የተሳለ ሰውና ስኬች ቡክ፣ የዕለት ተዕለት የንድፍ ደብተር፣ ነው። ሶፍትዌሩን እዚያው ይማሩታል።

ሰላማዊት፦ ሰው መሳል ላይ ይህን ያህል መጨነቃቸው ለምንድን ነው?

ናሆም፦ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ነው። በእጅ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያገለግል 12 ሥዕል ይበቃል። እነዚያ 12 ሥዕሎች ክብደት ከሌላቸው ገጸ-ባሕርይው መሬት አይረግጥም፤ ይንሳፈፋል።

ሰላማዊት፦ የአዲስ አበባ ልጅ ታዲያ ሞዴል ከየት ያምጣ?

ናሆም፦ መርካቶ ይሂድ! ተሸካሚ ጆንያ ሲያነሣ ልብ ብለሽ አይተሻል? መጀመሪያ ጉልበቱን ያጥፋል። ጆንያው ጀርባው ላይ ሲያርፍ አንገቱ ወደ ፊት ይወጣል፣ እርምጃው ያጥራል። ፊቱን ሳታዪ ሸክሙ ከባድ መሆኑን ታውቂያለሽ። በ30 ሰከንድ የጀርባውን መስመርና ክብደቱ ያረፈበትን እግር ብቻ ትይዣለሽ፤ ጀስቸር የሚባለው ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ጥሩ ገጽ ከአንድ ያማረ ፊት ይበልጥብኛል።

ሰላማዊት፦ ሰውየው ግን ሥራ ላይ ነው። ሲስሉት ደስ የማይለው አለ።

ናሆም፦ ልክ ነሽ፣ ክብሩ ይጠበቅ። ሰላም ይበሉት፣ የሳሉትን ያሳዩት፤ ካልፈለገ ይተዉት። የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ እናት ቡና ስትቆላ እጇን መሳል ይቻላል። እጅ የሚፈራ ልጅ ከዚያ ይጀምር።

ሰላማዊት፦ ስኬች ቡኩስ? ለማመልከቻው ብለው አዲስ ገዝተው በአንድ ሳምንት አሳምረው የሚሞሉት አሉ።

ናሆም፦ ያስታውቃል እኮ! እኔ ማየት የምፈልገው ሲያስብ ነው፤ አንዲት አያት ከወንበር ስትነሣ ደጋግሞ ሞክሮ፣ ሰርዞ፣ ጥጉ ላይ «ክንዷን ትደገፋለች» ብሎ ጽፎ። ያንን ገጽ አይቅደደው።

ሰላማዊት፦ ፎቶውንም አንርሳ፤ ጥሩ ሥራ በመጥፎ ፎቶ ሲበላሽ ያንገበግበኛል። ስካነር ከሌለ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ፣ ጥላችሁ ሳያርፍበት፣ ስልኩን ከወረቀቱ በላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ።

ናሆም፦ ብዛቱንና የፋይሉን መጠን ደግሞ ከትምህርት ቤቱ የዘንድሮ መመሪያ ላይ አንብቡ፤ በየዓመቱ ሊለወጥ ስለሚችል አምና ያመለከተ ጓደኛ የነገራችሁን አትያዙ።