ስድስቱ አምስት ነበር

እንደምን ሰነበታችሁ። ወንበሯ ዛሬም ትጮኻለች፤ ታገሷት። ማይክሮፎኑ ፊት የተቀመጥኩት ስለ መጽሐፌ ምዕራፍ ሰባት ላወራችሁ ነበር፤ አልሆነልኝም። ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ስድስት ቁጥር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ፎቶ ኮፒ ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ ሁልጊዜ «ቀለም አልቋል» የሚለኝ ልጅ ያለበት። የመታወቂያዬን ቅጂ ላስነሳ ገባሁ። ባንኮኒው ላይ መጽሐፌ ተቆልሏል። ያ ሦስት ክረምት የበላኝ መስመራዊ አልጀብራ፣ ሽፋኑ ሰማያዊ፣ በጥቁር ፕላስቲክ የተጠረዘ፣ ዋጋው 180 ብር። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። በመሸጡም ቅር አላለኝም፤ ደራሲ ሥራውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት ከሚለቅባቸው የክሪየቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች መካከል ንግድ የሚከለክለውን የተውኩት ሆን ብዬ ነው። ወረቀትና ቀለም በነጻ አይመጣም፤ አባዢው ካላተረፈ አያባዛም። በዚህ ጉዳይ ከእናንተ ጋር ስንት ሳምንት እንደተከራከርን አልደግመውም።

ገለጥ ሳደርገው ግን ሁለተኛው ገጽ የለም። ማንም መውሰድ፣ ማባዛትና ማሻሻል እንደሚችል፣ የታረመው ቅጂ የት እንደሚገኝ የሚናገረው የፈቃዱ ገጽ። ልጁን ብጠይቀው «እሱ ላይ ጥያቄ የለበትም፤ ወረቀት ይበላል» አለኝ። ምን ይባላል? ተማሪ ጥያቄ የሌለበትን ገጽ አይገዛም።

ያኔ ነው አጠገቤ የቆመውን ተማሪ ያየሁት። ያንኑ መጽሐፍ ይዟል፤ የእሱ አሮጌ ነው፣ ጆሮዎቹ የተጣጠፉ። ለጓደኛው አንድ መልመጃ እያሳየ ነበር። ላይኛው ረድፍ ሁለትና ሦስት፣ ታችኛው አራትና ስድስት፤ የማትሪክሱን፣ ማለትም የዚህን የቁጥር ሰንጠረዥ፣ ተገላቢጦሽ ፈልጉ። ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ በላጲስ ከመፋቅ ብዛት ሳስቷል። «ሦስት ጊዜ ሠራሁት፤ ሁልጊዜ ታችኛው ረድፍ ዜሮ ዜሮ ይሆንብኛል» ይላል።

ይሆናል እንጂ! ታችኛው ረድፍ የላይኛው እጥፍ ነው፤ ተገላቢጦሽ የሚባል የለውም። ስድስቱ አምስት ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ጥር ላይ አርሜዋለሁም። ይህ ልጅ ግን ሦስት ጊዜ በትክክል ሠርቶ፣ ሦስት ጊዜ ራሱን ጥፋተኛ አድርጓል።

«ስድስቱን አምስት አድርገው» አልኩት። አየኝ፤ ከዚያ መጽሐፉን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበና በትህትና «አይ፣ መጽሐፉ የሚለው ስድስት ነው» አለኝ።

መጽሐፉ የሚለው።

እኔም መታወቂያዬን ይዤ ወጣሁ። «ጻፊዋ እኔ ነኝ» አላልኩም። በታክሲ ውስጥ አንድ አሥር ዓይነት መልስ አዘጋጀሁ፤ አንዱ «ስሜን ከመታወቂያው ጋር አስተያየው» የሚል ነው። አስቡት፣ እንደ ፖሊስ።

የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁን ዶናልድ ክኑዝን አንስቼባችሁ አውቃለሁ መሰለኝ። የመጽሐፉ አዲስ እትም የፊደል አጣጣል አናዶት እ.ኤ.አ. በ1977 ቴክ የተባለውን የሒሳብ ጽሑፍ ማሰናጃ ፕሮግራም መንደፍ ጀመረ፤ እኔ የምጽፍበት ላቴክ ከዚያ የተወለደ ነው። በመጽሐፎቹ ውስጥ ስህተት ላገኘ ሰው እስከ እ.ኤ.አ. 2008 ድረስ የ2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ቼክ ይጽፍ ነበር፤ 256 ለኮምፒውተር ሰው እንደ መቶ ያለ ድፍን ቁጥር ነው። ብዙዎች ቼኩን ባንክ ከመውሰድ ይልቅ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር። የእኔ ክፍያ፣ እንደምታውቁት፣ በስኒ ቡና ነው፤ ዕዳዬም ባለፈው ሳምንት 31 ደርሶ ነበር። ሠላሳ ሁለተኛው የዚያ ተማሪ ነው። እሱ ግን ስህተት እንዳገኘ እንኳ አያውቅም።

ሮበርት ቢዘር የሚባል አሜሪካዊ መምህር አለ፤ የመስመራዊ አልጀብራ መጽሐፉን የለቀቀው ከነምንጩ ነው፤ የተጠናቀቀውን ገጽ ብቻ ሳይሆን ገጹ የተሠራበትን ጽሑፍ ጭምር። ሌላ መምህር ምዕራፍ ያወጣል፣ መልመጃ ይጨምራል፣ ስድስትን አምስት ያደርጋል። እኔም የተመኘሁት ይህንን ነበር። ለካ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ መጽሐፉ ድንጋይ ይሆናል። የመጋቢትም እትም፣ የኅዳርም እትም፣ ያው ሰማያዊ ሽፋን።

ዝም ያልኩት ለምን እንደሆነ አንድ ምክንያት አግኝቼ ነበር። ጻፊዋ እኔ ነኝ ብለው ወዲያው ያምነኝ ነበር፤ ግን ስሜን አምኖ እንጂ ረድፉን ቀንሶ አይቶ አይደለም። ሒሳብ ደግሞ ማን እንደተናገረ የማይጠየቅበት... ኧረ ተዉኝ። ይህን ያሰብኩት አሁን፣ ማይክሮፎን ፊት ነው። በዚያች ደቂቃ አፍሬ ነው። ሰው ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለት፣ ያውም 180 ብር በተከፈለበት...

ረቡዕ ተመልሼ ሄጄ ነበር። የታረመውን በፍላሽ ይዤ፣ የፈቃዱንም መልእክት ከመጀመሪያው መልመጃ ሥር አስገብቼው፣ እንዳይቀደድ። ልጁ ፍላሹን ተቀበለኝ፤ «ይህ ሲያልቅ እናወጣዋለን፣ እህቴ» አለና ቁልሉን መታ መታ አደረገው። አልቆጠርኩትም፤ ሃያ ይሆናል፣ ከዚያም ይበልጣል። ሁሉንም ልግዛው ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ እስክሪብቶ አውጥቼ እዚያው ቆሜ አንድ በአንድ ላርም አልኩ። ሁለቱን አረምኩ፤ ሦስተኛው ላይ ደንበኛ መጣና ቦታ ልቀቂልኝ አለኝ።

ተማሪውን ግን... ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።